ስሜን ብቻ አስገቢልኝ

ሀውላ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች። ሲፋን አላነሳችም። የኢማድ ስልክ ዝግ ነው። መቅደላዊት ግን ቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ጻፈች፤ «ሀውዬ፣ አሞኛል። አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ስሜን ብቻ አስገቢልኝ።» ስልክ ማንሳት ያቃተው የሲፋን ጣትም «የእኔንም» ለማለት አልሰነፈም።

አራቱም የሁለተኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ናቸው። መምህሩ የግሩፕ ሥራ ሰጥተው «ርዕሱንም ዕቅዱንም ራሳችሁ አውጡ፣ እኔ ጣልቃ አልገባም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋቸው ነበር። ሀውላ እንጦጦ ወጥተን የአካባቢውን ሰው እናናግር፣ ታሪኩን በእንግሊዝኛ እንተርከው አለች። ሦስቱም አውራ ጣት ልከው ተስማሙ። ድሩ ዳገቱን አልወጣም እንጂ።

አሁን ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ መንገድ ዳር ቆሎ ከሚሸጡት ከእማማ ዲንቄ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እሳቸውን ቀርጻ፣ በእንግሊዝኛ ተርካ ጨርሳለች። የቀራት የግሩፑን አባላት ስም ጽፋ እስከ ስድስት ሰዓት መላክ ነው።

«ጓደኞችሽስ?» አሉ እማማ ዲንቄ።

«እየመጡ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ እየመጡ ነው እኮ ልጄ። ከአዳማ በእግራቸው ነው እንዴ?»

ሳቀች።

ስልኳ ጮኸ። ስልኩ ዝግ የነበረው ኢማድ ግሩፓቸው ላይ ጽፏል፤ «መቅዲ የት ደረስሽ? እኔና ሲፋን መገናኛ ካፌው ገብተናል፣ ምንም ሳናዝ እየጠበቅንሽ ነው።» መልእክቱን ወዲያው አጠፋው። ሀውላ ግን አንብባዋለች። እሷ የሌለችበት ሌላ ግሩፕ አላቸው፤ ኢማድ ተሳስቶ ነው እዚህ የላከው።

ተማሪ ዘንድ የጓደኛን ስም ከግሩፕ ሥራ ማስቀረት ይቅርታ የለውም። ወሬው ክፍሉን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ግቢ ውስጥ ምሳ አብረዋት የሚበሉት ደግሞ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

አራቱንም ስም ጻፈች። ለአምስት ሰዓት ተኩል ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሦስቱን አጠፋችና ለመምህሩ ላከችው።

«እንኪ፣ ቅመሽ» ብለው እማማ ዲንቄ ቆሎ ዘገኑላት። ተቀብላ እየቆረጠመች፣ የግቢውን ላውንጅ ጠረጴዛዎች በሐሳቧ አንድ በአንድ ዞረቻቸው። ከበሩ ጀርባ ያለችው፣ አንድ ወንበር ብቻ ያላት ትዝ አለቻት።