የነቢዩ ስንቅ
ዝናብ ከቀረ ሁለት ዓመት ሞላ። መጀመሪያ በጎቹ አለቁ፣ ከዚያ አህዮቹ። ሰው ለዘር ያስቀመጠውን በላ። በመጨረሻ ሬሳ የሚሸከም ጉልበት ጠፋ።

በሸክላ ሠሪዋ ቤት የሚሰበሰቡት አማንያን ግን ጓዳ ውስጥ አሥራ አንድ ጋን ስንዴ ነበራቸው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ተጓዥ ነቢይ እዚሁ ቤት ቆሞ፣ ረሃብ ይመጣልና አስቀምጡ ብሏቸው ነበር። ሰውየውን ሐሰተኛ ብለው አባረሩት፤ ቃሉን ግን ለማንኛውም ብለው ያዙት።

ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጣ። የመጣው አጥንቱ ብቻ ነው።

ጸሎቱ ሲያልቅ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ።

“መንፈስ እንዲህ ይላል፤ ማዕድ ዘርጉ። ደጅ የወደቁት ይግቡ።”

ደጅ የወደቁት የጡብ ሠራተኞች ነበሩ፤ ክርስቶስን የማያውቁ፣ አንዳንዶቹም አምና አማንያኑን በድንጋይ ያሳደዱ።

የጉባኤው ሽማግሌ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ፈገግ አለ።

“ያኔ ረሃብ ይመጣል አልከን፣ መጣ። አሁን ደግሞ እንግዳ ጠራህብን። አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ደግ ወሬ ይዘህ አትመጣም?”

“አፉን ባይከፍት ኖሮ ይዘንብ ነበር” አለ ከአማንያኑ አንዱ፣ ቆዳ ፋቂው። ጥቂቶች ሳቁ።

“ስንዴውን ማን አስቀምጡ አላችሁ?” አለ ነቢዩ።

ሽማግሌው ወደ ነቢዩ ቀረበ። “ሥርዓቱን ታውቃለህ። በመንፈስ ማዕድ ያዘዘ ነቢይ ከዚያ ማዕድ አይቀምስም፤ ከቀመሰ ለሆዱ ነው ያዘዘው። አንዲት ፍሬ አትነካም። ትችላለህ?”

“ዘርጉ።”

ሽማግሌው ይህን አልጠበቀም። “ለዚህ ሰው ቃል ጋን አይከፈትም” አለ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። “ነቢይ ሁለት ቀን ያድራል፣ የመንገድ ዳቦውን ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛ ቀን ከተቀመጠ ሐሰተኛ ነው። ይሄ ሰው ሦስተኛ ቀን ተቀምጦብን ስንቅ እንኳ ሳንሰጠው አባረርነው። ረሳችሁት?”

ሸክላ ሠሪዋ አልረሳችም። ያን ጊዜ ባሏ ከሞተ ወሩ ነበር፤ ከጉባኤው ብትወጣ የምትጠጋበት አልነበራትም። ሰውየው ሲከሰስ እዚሁ ጥግ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። እሱም አላጋለጣትም።

ዛሬም የምትጠጋበት የላትም። ተነሣች።

“ጋሼ፣ በሦስተኛው ቀን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ትኩሳት ይዞት መቆም አቅቶት ነበር። ካልሄድኩ ብሎ ሲያስቸግር ጫማውን ደበቅሁበት።”

“ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ አፍሽ የት ነበር?”

“እርስዎን ፈርቼ።”

“አሁንስ?”

“አሁን ጓዳው የኔ ነው” አለች፣ ቁልፉን ከአንገቷ እያወለቀች። “ጋኖቹንም የሠራኋቸው እኔ ነኝ። የሚከለክለኝ ካለ ይምጣ።”

የመጣ አልነበረም። ቆዳ ፋቂው ሳይቀር እሳት ሊያነድ ወጣ።

ስንዴው ሲበስል በሩ ተከፈተ። የጡብ ሠራተኞቹ ደፉ ላይ ቆመው ተያዩ።

“መርዝ አለው?” አለ አንዱ።

“እኛም እንበላዋለን” አለችው ሸክላ ሠሪዋ። “ግባ፣ ይቀዘቅዛል።”

ነቢዩ በሁለት እጁ እየዘገነ አደለ። ሽማግሌው ዓይኑን ከሰውየው ከንፈር አልነቀለም። ነቢዩ መዳፉ ላይ የተጣበቀችውን የመጨረሻ ፍሬ እንኳ አላቅቆ ለአንዲት አሮጊት ሰጠ፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ ወጣ።

ሸክላ ሠሪዋ መኝታዋ ሥር እጇን ሰደደች። ሁሉም ነገር ያለቀ ቀን ብላ የሸሸገቻት አንዲት ደረቅ ዳቦ ነበረቻት። ይዛት ሮጠች፤ መንገዱ ዳር ደረሰችበት።

“እንካ ወንድሜ። ከማዕዱ አይደለችም።”

“ከየት ናት?”

“ያኔ ሳትይዛት የሄድካት የመንገድ ዳቦህ ናት።”

ዳቦዋን አገላብጦ አያት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ገመጣት።

“በላ” አለ ሽማግሌው ከደጃፉ። “አያችሁ፣ በላ።”

“የራሱን ነው” አለች ሸክላ ሠሪዋ፤ ጨርሶ እስኪነሣም ከፊቱ ንቅንቅ አላለችም።