ከዱባይ የመጣው ራዲያተር

"ይኸውልህ ራዲያተሩ... ግጠመው። ሌላ ወሬ አልፈልግም።"

ልጁ ይህን ያለው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነው።

ቦታው እንጅባራ... ቀኑ ጥር 22፣ 2009 ዓ.ም.፣ የፈረሰኞች በዓል ዋዜማ።

መኪናዋ ቀይ ናት፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ የሩጫ መኪና። ቡሬ ላይ ሲያስነሷት እንጅባራ ትሰማለች የምትባል ዓይነት።

የዛን ቀን ግን ራዲያተሯ ተሰንጥቆ፣ ድምጿን አጥፍታ፣ በአይሱዙ ተጎትታ ነው ጋራዥ የገባችው።

መካኒኩ ይኸነው ይባላል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ልጁ "አንተ" ሲለው ዋጥ አደረጋት።

ይኸነው መካኒክ ብቻ አይደለም... ራሱም ፈረሰኛ ነው። በማግስቱ ፈረሱን ሸልሞ ይሰለፋል።

ራዲያተሩን አገላብጦ አየው። ከዱባይ የመጣ፣ ወፍራም፣ ፊት የሚያሳይ።

"ነገ የት ነው የምትነዳት?"

"ከፈረሶቹ ጋር።"

"በሩጫ?"

"በእርምጃ። ሦስት ሰዓት ሙሉ... ከፈረስ ሳልቀድም።"

"ለምን?"

"እሱ የኔ ጉዳይ ነው።"

ይኸነው ገባው... ወይም የገባው መሰለው።

ሊንጎማለል ነዋ። አባቶች በተሰለፉበት መሃል ገብቶ መኪናውን ሊያሳይ።

ደሙ ፈላ።

አሁን ልብ በሉ... ወፍራም ራዲያተር ጥሩ የሚሆነው መኪና ሲሮጥ ነው። ነፋሱ በጉልበት ስለሚገባ ያቀዘቅዘዋል።

በእርምጃ ሲኬድ ግን ያለው የማራገቢያው ትንፋሽ ብቻ ነው። ያ ትንፋሽ ደግሞ ያንን ሁሉ ውፍረት አያልፍም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ይፈላል።

ይኸነው ይህን ያውቃል። ልጁ አያውቅም።

እና ክፉ ሐሳብ መጣበት...

"ራሱ ያለውን ልግጠምለት። ነገ ሕዝብ ፊት ይፍላበትና ይማር።"

ማን ይወቅሰዋል? ግጠም ተባለ፣ ገጠመ።

መፍቻውን አነሳ... እጁ ግን እምቢ አለው።

ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ሙያ ልጆች አሳድጓል። እያወቀ አበላሽቶ ያስወጣው አንድ መኪና የለም።

"ና እስቲ" አለው ልጁን።

ማራገቢያውን ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ከዱባዩ ራዲያተር ኋላ አስቀመጠው።

"እጅህን ከፊቱ አድርግ። ነፋስ አለ?"

"ብዙም የለም..."

ከመደርደሪያው ላይ ቀጭን፣ አቧራ የጠጣ ራዲያተር አወረደ። የተራ የቤት መኪና ነው።

"አሁንስ?"

ነፋሱ የልጁን እጅጌ አወዛወዘው።

ልጁ ግን ፊቱ ጠቆረ። "ይሄንን? እዚህ መኪና ላይ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ኮፈን ከፍቶ አያይም። ከፈላ ግን አገር ያይሃል። ለመሮጥ ስትፈልግ ያንተን ትመልሳለህ... ለመራመድ ይሄ ነው የሚሻልህ።"

ልጁ እጁን እንደገና ከነፋሱ ፊት አደረገ።

"እሺ... ግጠመው።"

ይኸነው ማሰሪያውን በብየዳ አስተካክሎ ገጠመው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተሩን አስነስቶ በቆመበት ፈተሸው። የሙቀቱ መርፌ መሃል ላይ ቀረ።

በማግስቱ...

ይኸነው ፈረሱ ላይ ሆኖ ተሰልፏል። ቀይዋ መኪና ከኋላ መጣች።

"መጣ ጉረኛው" አለ በሆዱ።

የሚገርመው ግን ማንም አልተቆጣም። ፈረሰኞቹ አንድ በአንድ መንገድ እየለቀቁ ነው።

ዞር ብሎ አየ።

የመኪናዋ መስኮት ተከፍቷል። በመስኮቱ የሽማግሌ እጅ ወጥቷል። እጁ ልጓም ይዟል።

ከመኪናዋ ጎን አንድ ዳማ ፈረስ ሙሉ ተሸልሞ ይራመዳል... ኮርቻው ላይ ማንም የለም።

መኪና ውስጥ ያሉት አያ እንግዳው ናቸው። በዘመናቸው በአካባቢው የሚቀድማቸው ፈረሰኛ አልነበረም። እግራቸው ከከዳቸው፣ ከደጅ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

እዚያ አገር የተጫነ ፈረስ ባዶውን የሚሄደው ለለቅሶ ነው፣ ጌታው ሲሞት።

ስለዚህ አያ እንግዳው "እኔ ሳልሞት ፈረሴን ባዶውን አታሰልፉብኝ" ብለው ነበር። ሁለት ዓመት እሳቸውም ፈረሳቸውም ቤት ዋሉ።

ሹፌሩ ልጃቸው አበረ ነው። መላ አገኘ... ልጓሙ ከአባቱ እጅ ካልወጣ ፈረሱ ጌታ አለው፤ ለቅሶ አይደለም።

ይኸነው ፈረሱን አስጠግቶ "ምነው ትናንት ብትነግረኝ?" አለው።

"ይቅርታ ጋሼ... በመኪና ሊሰለፉ ነው የሚል ወሬ ቀድሞ ከወጣ አባዬ አፍረው ይቀራሉ ብዬ ፈርቼ ነው። ኩሩ ናቸው። ባጃጅ ላምጣ ብላቸው 'የሚያጓራ ካልሆነ አልወጣም' አሉኝ።"

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሄዱ። መኪናዋ አንዴም አልፈላችም።

ሜዳው ጋ ሲደርሱ እልልታው ቀለጠ። አያ እንግዳው አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው ልጓሙን ጠበቅ አደረጉ።

ከዚያ ይኸነውን ጠሩት።

"መኪናዋን ለፈረሴ እርምጃ ያስተካከልካት አንተ ነህ አሉ። ሳልሞት ተሰለፍኩ ልጄ... እጅህ ይባረክ።"

ይኸነው ኮራ። እንደዚያን ቀን በሙያው ኮርቶ አያውቅም።

ትናንት ሊያደርገው የነበረውን ሲያስብ ደግሞ እንባው መጣ። ከፈረሱ ወርዶ እጃቸውን ሳመ።

ወዳጆቼ... ለምትወዱት ሰው አሳምሮ መሥራት ቀላል ነው። ባለሙያ የሚለየው ለጠላው ሰው በሚሠራው ሥራ ነው። የምትቀጡት እሱን ይመስላችኋል... ከጎኑ ማን እንደሚቀመጥ ግን አታውቁም።

እስቲ ከልባችሁ... ያ ልጅ "ግጠመው፣ ሌላ ወሬ አልፈልግም" ቢላችሁ፣ እናንተ የትኛውን ራዲያተር ትገጥሙለት ነበር?