አይ፣ አመሰግናለሁ

ጀርመን በገባ ሰሞን ቋንቋውን ያስተማሩት ባልቴቷ ጎረቤቱ ወይዘሮ ኤርና ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ኬክ ሲያቀርቡለት «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለ፤ እስኪለመን። እሳቸው ኬኩን መልሰው ፍሪጅ ከተቱት።

በኋላ፣ እኛ አገር እንግዳ «በሞቴ» እየተባለ ነው የሚበላው ብሎ ሲነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። «እዚህ ግን አንዴ አልፈልግም ካልክ አለቀ» አሉት። ይህን ትምህርት ከሁሉ በላይ ያዘው።

ከዓመታት በኋላ እናቱን ከደሴ አስመጣት።

«እማዬ፣ ምግብ ላቅርብልሽ?»

«ኧረ አልራበኝም ልጄ።»

እሺ ብሎ ድስቱን መልሶ ያነሳል። እየከሳች ስትሄድ ብርዱ ነው አለ።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ሲመለስ እናቱን ቤት አጣት። የጎረቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ወይዘሮ ኤርና ድንች በሹካ ወግተው እናቱ አፍ ድረስ ዘርግተዋል፤ «በሞቴ! በሞቴ!» ይላሉ። እናቱ ትጎርሳለች፤ ትልቁ ሳህን ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ልጇን በሩ ላይ ስታየው ደንግጣ ሳህኑን ገፋ አደረገችና አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

«እኔ እኮ አልራበኝም ነበር ልጄ» አለችው። «ለምነውኝ ነው።»