የፌቨን ሐዘን በእናቷ አንገት

የልጅን ሐዘን በሐብል ወደ ወላጅ ማዛወር ከተቻለ ወዲህ የሰፈራችን እናቶች ዓይን ደርቆ አያውቅም። ቅዳሜ በበጎ አድራጎት ክበባችን ስብሰባ ላይ ጎረቤቴ ይርገዱ የልጇን የፍቅር ሐዘን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ አይታው ለማታውቀው ጎረምሳ ትንሰቀሰቃለች። ልጅቷ ፌቨን አጠገቧ ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«ለመሆኑ መልከ መልካም ነው?» አልኳት ይርገዱን።

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ አንጀቴ ተቃጠለ» አለች እየተናፈጠች።

ስለ ወጣቶች ደህንነት ሊያወሩን የመጡት እንግዳ፣ ዶክተር መርዕድ፣ ንግግራቸውን ገታ አደረጉና ፌቨንን «ከልጁ ጋር ስትለያዩ ምን ተሰማሽ?» አሏት።

«እኔን ነው? እማዬን ይጠይቋት እንጂ!»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ዶክተሩም ስቀው ሲያበቁ «እንግዲያው የሚቀጥለውንም ፍቅረኛ እሷ ትምረጥልሽ» አሉ።

ፌቨን ቆሎውን ማላመጧን አቆመች። ትንሽ አሰበችና እጇን ወደ እናቷ አንገት ሰደደች።

«ተይ ልጄ፣ አትችይውም!» አለች ይርገዱ ሐብሉን ጨብጣ።

«የኔ ነው፣ እማ። ስጪኝ።»

ሐብሉን እንዳጠለቀችው ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ይርገዱ ቅልል ሲላት ልጇን እቅፍ አድርጋ «ለመሆኑ ስሙ ማን ነው?» አለቻት። ፌቨን እየተንሰቀሰቀች ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥሩ ታጫውታት ጀመር፤ እኔም ወንበሬን አስጠጋሁ።