የማደያው አምስት በርሜሎች

በርሜሎቹን ሊሸፍኑበት የነበረው ላስቲክ ከማህጁብ እጅ አምልጦ በነፋሱ ተነሣና ከማደያው ጀርባ ባለው የማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። በጠባቂው በበኃይሉ እጅ ላይ የቀረው የያዘው ቁራጭ ብቻ ነበር። ሁለቱም መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥሎ ያለ ክዳን የተደረደሩትን አምስት በርሜሎች ተመለከቱ። በርሜሎቹ ከመኪና ሞተር በተቀዳ የተቃጠለ ዘይት እስከ አፋቸው ጢም ብለዋል።

“እርስዎ ያንን ካፖርት ለብሰው ከመጡማ፣ ዝናቡ ተጠርቶ ነው የመጣው፣” አለ ማደያውን የሚጠብቀው በኃይሉ።

ማህጁብ አልሳቀም። ረጅሙ የዝናብ ካፖርት ከተማረበት ከኦዴሳ ያመጣው ነው፤ በሚሠራበት የክልሉ ውሃ ቢሮም ይሳቅበታል። ከኢንዚ ተራራ በኩል የጠቆረው ደመና ወደ አሶሳ እየወረደ ነበር፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ። የሚሆነውን ያውቃል፤ ባሕር ማዶ ሰባት ዓመት የተማረው ውሃን ነው። የዝናብ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ በርሜሉ ውስጥ በገባ ቁጥር ከሥር ይቀመጣል፣ ዘይቱን ሽቅብ ገፍቶ ያፈስሰዋል። የፈሰሰው ወደ ቦዩ ይገባል። ቦዩ ደግሞ ሁለት መቶ እርምጃ ቁልቁል ሄዶ ከምንጩ ይደርሳል። የታችኛው ሰፈር በሙሉ ከዚያ ይጠጣል፣ ለሶላትም ውዱ ያደርግበታል።

በርሜሎቹ ለምን እንደሞሉም ያውቃል። ክልሉ ገና ሲቋቋም ዲፕሎማውን ይዞ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ስለዚህ ማደያ ደብዳቤ ማርቀቅ ነበር። ቀድሞ ሰው እየመጣ ዘይቱን ይቀዳ፣ ምስጥ እንዳይበላው የቤቱን ምሰሶ ይቀባበት ነበር። ማህጁብ መንገድ ላይ የተንጠባጠበው ቦዩን ሲያጠቁር አየና ለማንም እንዳይሰጥ፣ ተጠራቅሞ ከአዲስ አበባ በሚመጣ መኪና እንዲነሣ ብሎ ጻፈ። የቢሮው ኃላፊ ፈረመበት፤ ማህተም አረፈበት። መኪናው አልመጣም። በኃይሉ ግን ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ በማህተም ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አሥር ወር ሙሉ አንዲት ጠብታ ለሰው አልሰጠም።

ሰዕዲያ፣ የማህጁብ እናት ታላቅ እህት፣ ጀሪካን አንጠልጥላ ከቁልቁለቱ ብቅ አለች። በዚህ ሳምንት ሦስተኛ መምጣቷ መሆኑን በኃይሉ ነገረው። ሰላምታውን በበርታ ቋንቋ አድርሳ የቀረውን፣ በኃይሉም እንዲሰማ፣ በአማርኛ አደረገችው።

“ምስጥ የአንተ ወረቀት አያነብም፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ። የእኔ ቤት ይበላል። አሁን ነፋስ መጣ፣ ቤት እንዲህ አለ፣” ብላ መዳፏን ወደ ጎን አዘመመች።

“ኻልቲ፣ አክስቴ፣ መንገድ ላይ ሲንጠባጠብ እኮ…”

አላስጨረሰችውም። ጀሪካኑን አንሥታ አፉን አሳየችው። በጨርቅ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጥብቅ ብሎ ተወትፎበታል። የአምናውን ጭላጭ እንደያዘ ዘቅዝቃ ነቀነቀችው፤ ጠብ አላለም። የሚያንጠባጥቡት ክፍት ጣሳ ይዘው የሚመጡት የከተማ ሰዎች ናቸው አለች፤ በታችኛው ሰፈር ሁሉም እንደ ማር ወትፎ ነው የሚይዘው፤ ቢጠይቃት ኖሮ ያን ጊዜውኑ ትነግረው ነበር።

አልጠየቃትም። ቦዩን ለክቷል፣ ናሙና ቀድቷል፣ ሥዕል ስሏል። የአክስቱን ጀሪካን ግን አላየም።

“ስጣት፣ ጋሽ በኃይሉ። ለሁሉም ስጣቸው።”

በኃይሉ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ደብዳቤ ጠቆመ። “በቃል?”

“ዝናቡ ደረሰ እኮ።”

“አቶ ማህጁብ፣ እርስዎ ነገ ቢሮዎ ይገባሉ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። የከለከሉኝ በጽሑፍ ነው፤ ሲፈቅዱልኝም በጽሑፍ ይሁን።”

ኃላፊው የፈረመበትን የሚሽረው ኃላፊው ነው። ማህጁብ ይህንንም ያውቃል። ደብዳቤውን ከግድግዳው ላይ ላጠው፤ በርሜል አስደግፎ ከማህተሙ ሥር እስክሪብቶውን አሳረፈና ቆየ። ምሰሶ ላይ የተቀባው ዘይትስ ክረምት በመጣ ቁጥር ወዴት ይሄዳል? ኦዴሳ ሲማር የጥያቄው ሁሉ መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ ነበር። የመጀመሪያዋ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ስታርፍ፣ “ክዳን ባለው ዕቃ ለሚመጣ ሁሉ ይሰጥ” ብሎ ጻፈ፤ ስሙንና ቀኑን አከለበት።

በኃይሉ ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተውና መቅጃውን ቀድሞ ያነሣው እሱ ሆነ። ሰዕዲያ ወደ ቁልቁለቱ ዞራ በበርታ ተጣራች። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ቆረቆንዳ የተወተፈ ጀሪካናቸውን ይዘው ሽቅብ ሮጡ። ከመካከላቸው አንዷ ሹሙ ካፖርት ለብሶ ዘይት ሲቀዳ እያየች የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሌሎቹ ሳቁ፤ ማህጁብም በርታኛው ገብቶት አንገቱን ደፋ።

አራቱ በርሜሎች ክንድ ክንድ ያህል ጎደሉ። አምስተኛው እንደሞላ ጀሪካኑ አለቀ፤ ዝናቡም ወረደ። ሴቶቹ ቁልቁል ሲሮጡ ማህጁብ ካፖርቱን አውልቆ በርሜሉን አለበሰው። በኃይሉ የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪ አምጥቶ ዙሪያውን ጥፍር አድርጎ አሰረው።

ማህጁብ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ከቦዩ ዳር ቁጢጥ አለ። ውሃው ቅጠልና ገለባ እየገፋ መጣ። ቀይ ነበር፤ አፈር። ከዳሩ ግን እንደ ክር የቀጠነ፣ የሚያብለጨልጭ ዘይት አብሮት ይሄዳል። ማህጁብ ተነሣና ክሩ ከምንጩ ሳይደርስ ይጠፋ እንደሆነ ለማየት በቦዩ ጎን ቁልቁል ተከተለው።