የገዳዩ ስንቅ

አሮጊቷ በሬዋን ሸጣ ልጇን ይታይሽን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረቻት፣ የወንድ ልጄን የደርበውን ገዳይ ቁም ስቅሉን ታሳይልኛለች ብላ ነበር። ልጅቱ ግን ሰብዓዊ መብት የሚሉትን ተምራ መጣችና፣ ገዳዩ በታሰረበት ወህኒ ቤት የእስረኞች መብት ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጠረች። ገና ሥራ ስትጀምር ለዚያ ውሻ ፍራሽ አሰጠችው።

“ደርበው አፈር ውስጥ፣ ነፍሰ ገዳዩ ፍራሽ ላይ! እንዲህ ያለ ትምህርት ድፍት ይበል!”

“እሱም ሰው ነው፣ እማዬ። ጠያቂ እንኳ የለው።”

አሮጊቷ ሰንብታ፣ አንድ እሑድ በምሳ ዕቃ ሽሮና እንጀራ ይዛ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ከች አለች። ይታይሽ እንባዋ መጣ።

“ለእሱ ነው? ይቅር አልሽው?”

“ሰው ነው አላልሽኝም?”

ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ከፈተ። “እማማ፣ ደንብ ነው፣ ያመጣው ሰው ይቀምሳል።”

አሮጊቷ ደንቡን ድሮም ታውቀዋለች። ፊቷን አማትባ እጇን ሰደደች። ይታይሽ ግን ቀደመቻት።

“ለእናቴማ እኔ እቀምስላታለሁ!”

ጠቅልላ ወደ አፏ ስታደርስ፣ አሮጊቷ እጇን በምርኩዟ መትታ ጉርሻውን አረገፈችባት። ምሳ ዕቃውንም መሬት ላይ ደፋችው። ልጅቱም ዘበኛውም ደርቀው ቀሩ።

“ምን ይገትርሻል?” አለቻት አሮጊቷ። “ሂጂ እጅሽን ታጠቢ። በሳሙና።”