ፍሬን ርገጪ

«ፍሬን ርገጪ!» አለ አማቼ ከመኪናው ሥር ሆኖ።

ልጄ ሰገን መሪው ፊት ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ የመልስ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ረገጠች። እናቷ ዙፋን ከፒካፑ በስተኋላ ቆማ ጎንበስ ብላ አየች።

«በራ ወይ እማየ?»

«ምኑን በራ! ሊጠፋ የደረሰ ፍም ነው የሚመስለው።»

አማቼ ይሁኔ ይባላል። የይፋግ ልጅ ነው፤ በዚህች አሮጌ ፒካፕ ሩዝ እየጫነ ወረታ ወፍጮ ቤት ያራግፋል። መልስ ጠርተነው፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሚስቱን ይዞ ሊሄድ ሲል የኋላ መብራቱ መድከሙን ያየሁት እኔ ነኝ። አላስኬድም ያልኩትም እኔው ነኝ። ሲመሽ በጎንደር መንገድ ከባድ መኪናው ብዙ ነው፣ ከብቱም ከሜዳ የሚገባው ያኔ ነው። ከኋላ በማይታይ መኪና ልጄን አላሳፍርም።

«ካልሆነ እዚሁ እደሩ» አልኳቸው። የአባት ምክር ይመስላል፤ ግን ምክር ብቻ አልነበረም። ሠርጉ ካለፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ከሰገን ሌላ ልጅ የለንም። ያን ቀን ጠዋት ድምፅዋን ከጓዳ ስሰማ ብቻዬን እንደ ሞኝ ስቄያለሁ። አንድ ሌሊት ብትጨመርልኝ ምን አለ?

ዙፋን ግን ልጁ መኪና ሥር መግባቱ አልጣማትም። «ምነው የሰገን አባት! በመልሱ ቀን አማች መሬት ላይ ይተኛል? ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«እኔ ተኛ አላልኩት።»

እውነትም አላልኩትም። ጆንያ አንጥፎ የገባው ራሱ ነው። ነጩ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጠቁሯል። አምፖሎቹን ቀየረ፤ ያው ነው። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘንብላለች፤ እኔም በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ መምሸቱን እጠብቃለሁ።

«እስቲ የግራውን ፍሬቻ አብሪው» አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር የኋላ መብራቶቹ ሁሉ አብረው ይርገበገባሉ፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይደክማል። የገበሬ ማኅበሩን ትራክተር ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። አምፖልም ባትሪም አይደለም፣ ኔጋቲቩ ነው። ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር በደንብ አልተገናኘም፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ተዘግቷል።

ልናገር አልኩና ተውኩት። እሱ እስኪያገኘው ይመሻል። ከመሸ ያድራሉ። ማንም እኔን አይወቅስም።

ሰገን አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ይሁኔ፣ ደከመህ?» አለችው፣ እኛ እንዳንሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልደከመኝም። ይልቅ ጫማሽን አድርጊ፣ እግርሽን ብርድ ይመታሻል።»

መኪና ሥር ተጋድሞ እግሯን ከየት አየው? አላየውም። ልጄ ስትቀመጥ ጫማዋን እንደምታወልቅ የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ተነሣሁ። «ልጄ፣ ኔጋቲቩ የታሰረበትን ብሎን አሳየኝ» አልኩት።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከካሶኒው፣ ከጭነት ሳጥኑ ሥር ነው። ብሎኑም፣ ሽቦውም፣ ዙሪያው ሁሉ በሰማያዊ ቀለም ተለቅልቆ ያብረቀርቃል።

«ይህን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለ አፍሮ። «ክረምት ከጎርፉ ውስጥ ስነዳ ዝገት በልቶት ነበር። ዝገት ይዤ አማቶቼ ደጅ አልገባም ብዬ፣ ብሎኑን እየፈታሁ ውስጡን ሁሉ ቀባሁት።»

«ሥር ገብተን የምናይ መስሎህ ነው?»

«ሰገን ናት፤ አባየ የማያየው ነገር የለም ብላ አስፈራራችኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለእኛ ክብር ብሎ የገዛ መብራቱን አዳክሞታል። በዚህ ልጅ እንዴት እጨክናለሁ? ጋቢዬን በርጩማው ላይ ጥዬ ጆንያው ላይ አጠገቡ ተጋደምኩ።

«ወይ ጉድ፣ አሁን ደግሞ ሁለት ሆኑ!» አለች ዙፋን።

እሱ ብሎኑን ፈታ፣ እኔ ቀለሙን በቢላ ፋቅሁ። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ በብርጭቆ ወረቀት እየተቀባበልን አሸነው። ሽቦውን መልሰን አጥብቀን አሰርነው፤ ውሃ እንዳይገባውም ከላዩ ግራሶ ቀባንበት።

«ፍሬን ርገጪ ልጄ!» አልኩ እኔ።

የዙፋን ነጠላ ከላይ እስከ ታች ቀላ።

«በራ!» አለች እያጨበጨበች። «በራ፣ በራ!»

መረቅናቸው፣ ተሳሳምን፣ ሄዱ። እኔና ዙፋን አስፋልቱ ዳር ቆመን ቀረን። ፎገራ ሜዳ ነው፤ የሄደ ሰው ቶሎ ከዓይን አይጠፋም። ሁለቱ ቀይ መብራቶች እያነሱ ሄዱ እንጂ አልደበዘዙም። ዙፋን ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ እጄን ያዘችኝ፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

በጣም ከራቁ በኋላ መብራቶቹ በአንድ ጊዜ ደመቁ። ከፊታቸው ፍሬን የሚያስረግጥ ከብትም መኪናም አልነበረም። ወደ ቀድሞ ብርሃናቸው መለስ አሉና እንደገና ደመቁ።

«በራ!» ብላ ጮኸች ዙፋን፣ ይፋግ ድረስ የሚሰማ መስሏት።